ዳማ ያበጠበት ጠዋት

ሁሪያ ባሏን በቀበረች በአርባኛው ቀን ባሏን ከገደለው ሰውዬ ደጅ ሄዳ ሥራ ለመነች።

ሰውዬው ቢሰጥ ይባላል፤ እሱ ሰው ገድሎ አያውቅም የሚል ካለ አልሟገተውም። ጥይት አልተኮሰም፣ ዱላ አላነሳም፤ በአፉ ብቻ ነው የገደለው። ከአዋሽ ጣቢያ በታች የፊታውራሪ ወልደገብርኤል የጥጥ እርሻ አለ። በእርሻው ጫፍ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ከብት የሚደልብበት ትልቅ በረት አለ። ቢሰጥ የዚያ በረት አለቃ ነበር። የሦስት ወር ትምህርት ተምሮ የመጣ፣ ካኪ ባርኔጣውን ለእህል እንኳ የማያወልቅ፣ ከአንገቱ ፊሽካ የማይለይ ሰው። ሠራተኛ ለመጥራትም፣ በሬ ለመንዳትም፣ ሻይ ለማዘዝም ያችኑ ፊሽካ ይነፋል።

የሁሪያ ባል አሕመድ ዩሱፍ የበረቱ መጋቢ ነበር። ሁለቱም የመጡት ከሐረርጌ፣ ከሂርና ነው። እዚያ አገር አንድን በሬ ከቤት አስሮ፣ የማሽላ አገዳ እየሰበሩ በእጅ እያጎረሱ ማድለብ ከአባት የሚወረስ ሙያ ነው። አሕመድ የበሬውን ምላስ አይቶ ምን እንዳማረው ያውቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ነው። ለገና የሚላኩት ሰንጋዎች ባቡር ላይ ከመጫናቸው በፊት አንድ ቀን ሙሉ ሳይበሉ እንዲቆዩ ደንብ ነው፤ ሆዱ የሞላ በሬ ፉርጎ ውስጥ ይታመማል። ያልበላ በሬ ግን ሚዛን ላይ ይቀላል። ይህ ቢሰጥን አንገበገበው። ጤዛው ያልረገፈ ለጋ አልፋልፋ፣ እርሻው ለመኖ የሚያበቅለው ሣር፣ ታጭዶ እስኪጠግቡ እንዲሰጣቸው አዘዘ። አሕመድ እንቢ አለ። «በባዶ ሆዱ እርጥብ አልፋልፋ የበላ ከብት ይነፋል፤ ከተነፋ ይሞታል። በእኔ እጅ አይሆንም» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ቢሰጥ ጥጥ ለቀማ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞችን በፊሽካ ጠርቶ አስበላ። አሥራ አንድ ሰንጋ እግሩን ሰቅሎ ሞተ።

ፊታውራሪ ከአዲስ አበባ መጥተው ሲጠይቁ ቢሰጥ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አሕመድ ቂም ይዞብኝ መርዝ አበላቸው» አለ። የቀን ሠራተኞቹ ወቅታቸው አልቆ አገራቸው ገብተዋል፤ ማን ይመስክር? አሕመድን አሰሩት። ወር ሳይሞላው እስር ቤት ውስጥ ወባ ያዘውና ሞተ። ለቀብሩ ስድስት ሰው ወጣ። ከጣቢያው መስጊድ ኢማሙና ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሦስት ጎረቤቶች፣ በቃ። የመርዘኛ ሬሳ ለመሸከም ማን ትከሻውን ይሰጣል? ሁሪያ የመጡትን ስድስቱን ሳይሆን የቀሩትን አንድ በአንድ በልቧ ያዘች።

የቢሰጥን ሞት አልፈለገችም። ሞት ቶሎ ያልቃል። የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ሰው አሕመድን በገደለበት አፉ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሞ፣ አሥራ አንዱን በሬ የፈጀሁት እኔ ነኝ እንዲል ነው። ለዚህ ስትል ጉልበቱን ሳመች።

«ጌታዬ፣ ባሌ ያጠፋውን እኔ በጉልበቴ ልካስ። ሙያውን አውቀዋለሁ» አለችው።

ቢሰጥ ደስ አለው። እሷን መቅጠሩ ቸር እንደሚያሰኘው አሰበ፤ ደግሞም አሕመድ ከሄደ ወዲህ በሬዎቹ መኖ እየናቁ አስቸግረውት ነበር። «አየሽ ሁሪያ፣ እኔ ቂም አልይዝም» አላት። ሁሪያ አንገቷን ደፍታ አመሰገነች። ምላሷን ነክሳ ስለነበር ደሙን ዋጠችው።

ወሩ የካቲት ነበር። የአዋሽ በጋ ከብቱንም ሰውንም ያመነምናል። ከአፋር ጎረቤቶች የተገዙት አርባ ወይፈኖች ሲገቡ የጎድናቸው አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ነበር። እንዲህ የተራበ ከብት ላይ መኖ አይደፋም። ሁሪያ መጀመሪያ ድርቆሽና የማሽላ አገዳ ብቻ ሰጠች። ከዚያ አንድ እፍኝ ፍሬ ጥጥ፣ ከሳምንት በኋላ ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ ከዘይት መጭመቂያው የሚመጣውን ፋጉሎ ፈርፍራ በጥቂቱ። ቢሰጥ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ምን ትቆጥቢያለሽ? የአባትሽ ነው?» እያለ ይጮህባታል። እሷ «እሺ ጌታዬ» ትልና ያንኑ እፍኟን ትሰጣለች። «እሺ ጌታዬ» ስትል ድምጿ ማር ነበር። በሆዷ ግን፣ ላሳድግልህ፣ ላወፍርልህ፣ ከፍ ላድርግህ፣ ከዚያ ስትወድቅ ድምፅህ ይሰማል ትለው ነበር።

ከአርባዎቹ መካከል አንድ ዳማ ነበር፤ ቀይ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ሲገባ ከሁሉም የከሳው እሱ ነበር፤ ሊሞት ነው ተብሎ ተለይቶ ታስሮ ነበር። ሁሪያ አገዳውን በጥርሷ ልጣ፣ እየሰበረች በመዳፏ አጎረሰችው። አሕመድ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ዳማ ከዳነ በኋላ ከሌላ ሰው እጅ መቀበል እንቢ አለ። በረቱን ስትጠርግ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ስትቀመጥ ትከሻዋን በአፍንጫው ይገፋታል። ልጅ አልነበራትም። ባል የላትም። ከሰው ጋር የምታወራው በ«እሺ ጌታዬ» ብቻ ነው። የቀረውን ወሬዋን ሁሉ ለዳማ ነገረችው።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ሜዳው አረንጓዴ ሲሆን ከብቶቹ ወደ ሰሜን ለግጦሽ ተነዱ። የሚያግዳቸው ሐሰን የሚባል አፋር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሱን በመፋቂያ ሲፍቅ የሚውል፣ አማርኛውን ከባቡር ሠራተኞች የለቀመ ሰው። የአባቱ ከብት የበጋ ግጦሽ ዛሬ ጥጥ የበቀለበት የወንዙ ዳር ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ አይናገርም፤ እርሻውን ሲያልፍ ግን ፊቱን ያዞራል። ሁሪያ በሳምንት አንድ ቀን ጨው ይዛ ትሄድላቸዋለች።

አንድ ቀን ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሐሰን ድንገት፣ «የባልሽን ነገር ሚሌ ላይ ሰምቻለሁ» አላት።

«ምን ተብሎ?»

«ቢሰጥ የሚባል ሰው፣ አሕመድ ከብት በመርዝ ገደለ ብሏል፤ እንዲህ ተብሎ ነው የመጣው።»

ከአዋሽ እስከ ሚሌ ስንት ቀን መንገድ ነው! ግን አፋር ዳጉ አለው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ፣ ቢቸኩልም ቢጠማውም፣ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ለሌላው ይነግራል፤ ያኛውም ለሚቀጥለው። አንድም አይጨመርበትም፣ አንድም አይቀነስበትም። ዋሽቶ የተገኘ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ወሬውን የሚቀበለው የለም።

«ውሸት ነው ብለህ መልስልኝ» አለችው። «ወላሂ ውሸት ነው። አልፋልፋውን ያዘዘው እሱ ነው።»

ሐሰን መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «አይተሻል?»

«አሕመድ ነግሮኛል።»

«እንግዲያው ሚስቱ እንዲህ አለች እላለሁ። እሱ እንዲህ አለ፣ እሷ እንዲህ አለች። ሌላ አልልም።» መፋቂያውን ወደ አፉ ሊመልስ ሲል፣ «እኔ ባለሁበት እሱ ራሱ ከተናገረ፣ እስከ ባሕሩ ይደርሳል» አለ።

ሁሪያ ያን ቀን ወደ በረቱ ስትመለስ ምን እንደምታደርግ አውቃለች። ቢሰጥ ውሸቱን ለፊታውራሪ፣ ለፖሊስ፣ ለነጋዴ፣ ለጠጅ ጓደኞቹ ሲደጋግም ኖሮ ራሱም አምኖት ነበር። አልፋልፋ ከብት ይገድላል ብሎ አያስብም፤ አሥራ አንዱን መርዝ ነው የገደላቸው፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ሰው ያንኑ ትእዛዝ እንደገና ይሰጣል። እሷ መጠበቅ ብቻ ነው ያለባት።

ጥቅምት ላይ ከብቶቹ ከግጦሽ ተመለሱ። አሁን ማጠናቀቂያው ነው። ፋጉሎና የተከካ በቆሎ ሰጠች፤ ከስኳር ፋብሪካ በበርሜል የሚመጣውን የሸንኮራ ዝቃጭ በውኃ አቅጥና ገለባው ላይ ረጨች። በቀን ሦስት ጊዜ አበላች፣ ሁለት ጊዜ አጠጣች፣ ቁርጭምጭሚታቸውን አየች፣ መዥገራቸውን ለቀመች። ኅዳር ሲያልቅ ሻኛቸው ወደ ጎን ተኛ፣ ጀርባቸው ላይ ሰው ቢተኛበት የሚመች ሆነ። የባቡር ሠራተኞች ለማየት መምጣት ጀመሩ። ቢሰጥ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ «በዘመናዊ መንገድ ያደለብኳቸው» እያለ ያስጎበኛል። ፊታውራሪም አንድ ቀን መጥተው ዳማን አይተው ቆመው ቀሩ። «ይኼ አይሸጥም። ይኼ የልጄ የሠርግ በሬ ነው» አሉ። ቢሰጥ እስከ መሬት እጅ ነሳ።

ሁሪያ ዳማን ከመጀመሪያው መርጣው ነበር ወይስ ያን ቀን ነው የወሰነችው? እኔ ብጠየቅ ያን ቀን ነው እላለሁ። ቢሰጥ እንዳይሞትበት የሚፈራው አንድ በሬ ካለ እሱ ነው። አንገቱን አቅፋ ስታለቅስ ያያት ሰው የለም።

የመጫኛው ቀን ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ነበር። ከብቶቹ፣ ለሠርጉ የሚላከው ዳማም ጭምር፣ ከትናንት ማለዳ ጀምሮ አልበሉም። ጠዋት ላይ ፊታውራሪ በላንድሮቨራቸው መጡ፤ የድሬዳዋው የከብት ነጋዴ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል፤ ባቡሩ ጣቢያው ላይ ያናፋል። ሁሪያ ከሦስት ቀን በፊት ሐሰንን አስጠርታዋለች። ከአራት ጎልማሶች ጋር መጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። የጣቢያው ሰውም ግማሹ አለ፤ ለቀብሩ ያልወጣው ማለቴ ነው።

ነጋዴው በሬዎቹን ዞሮ አየና ከንፈሩን አጣመመ። «ሽንጣቸው ገብቷል።»

ቢሰጥ ደነገጠ። ፊሽካውን ነፋ። «ሁሪያ! አሁን የታጨደው አልፋልፋ ይምጣ! ሚዛን ከመውጣታቸው በፊት ይጥገቡ!»

ሁሪያ ከበረቱ መካከል ድምጿን ከፍ አድርጋ መለሰች። «በባዶ ሆዳቸው ነው፣ አቶ ቢሰጥ። አልፋልፋው ጤዛ አለበት። ይሰጥ ነው የሚሉኝ?»

«የታዘዝሽውን አድርጊ! ደግሞ ሴት ልታስተምረኝ!»

«እሺ ጌታዬ» አለች። ለመጨረሻ ጊዜ።

ሠላሳ ዘጠኙ በሬዎች ያሉበትን ግቢ በር በወፍራም እንጨት ቀረቀረችና አንድ ሸክም አልፋልፋ ለብቻው ወደታሰረው ዳማ ወሰደች። ዳማ ከእጇ መቀበል ለምዷል፤ ምን ይጠራጠራል? እየተስገበገበ በላ። ሲጨርስ ውኃ አቀረበችለት። ጠጣ። ቢሰጥ «ሌሎቹስ?» ሲል «በተራ ነው ጌታዬ፣ የፊታውራሪ በሬ ይቅደም» አለች። ፊታውራሪ ይህን ሰምተው ፈገግ አሉ።

ሻይ መጣላቸው። ተጠጣ። ነጋዴው ስለ ድሬዳዋ ገበያ ያወራል። ዳማ እግሩን መቀያየር ጀመረ፤ ቀጥሎ ሆዱን በኋላ እግሩ ረገጠ። ግራ ሽንጡ ላይ ያለው ጎድጓዳ ሞላ፣ ከዚያ ከጀርባው በላይ ተነፋ። ምላሱ ወጣ፣ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምን ሆነ ይኼ በሬ?» ፊታውራሪ ብርጭቆውን ጣሉት።

ቢሰጥ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን አፉ የለመደውን አልረሳም። «መርዝ! እንደ ባሏ! አላልኳችሁም? ያዟት!»

ሁሪያ አልሸሸችም። ከመቀነቷ የአሕመድን ቢላዋ አወጣች። ነጭ ቀንድ እጀታ ያለው፣ ጫፉ የሾለ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ።

«ጌታዬ ፊታውራሪ» አለች፣ «መርዝ የበላ በሬ በቢላዋ አይድንም። መኖ የነፋው ግን እዚህ ጋ፣ ግራ ሽንጡን ከተወጋ ነፋሱ ይወጣል፣ ይድናል። ባሌ አስተምሮኛል። የነፋው መኖው ከሆነ አቶ ቢሰጥ ይንገሩኝና ልውጋው። መርዝ ነው ካሉ እጄን አላነሳም፤ ይሙት።»

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ውጊው እንጂ!» አሉ ፊታውራሪ።

«እሳቸው ይናገሩ።»

ፊታውራሪ ወደ ቢሰጥ ዞሩ። እንዲህ ዓይነት ዓይን ቢሰጥ አይቶ አያውቅም። «ተናገር!»

ቢሰጥ ባርኔጣውን አወለቀ። አናቱ መላጣ ነበር፤ በስድስት ዓመት ማንም አላየውም። «መኖው ነው» አለ በአፍንጫው።

«ሐሰን፣ ሰማህ?» አለች ሁሪያ።

«አልሰማሁም» አለ ሐሰን። ውሸቱን አልነበረም።

«መኖው ነው የነፋው!» ጮኸ ቢሰጥ።

«ማነው ያዘዘው?» አለችው።

ዳማ በጉልበቱ ተንበረከከ። እስትንፋሱ ያፏጫል። ሁሪያ ቢላዋውን ይዛ ቆማለች፣ ዓይኗን ከቢሰጥ አላነሳችም።

«እኔ! እኔ ነኝ ያዘዝኩት! አሁንም እኔ፣ አምናም እኔ! አሥራ አንዱንም!»

ተናገረ። በቃ። ፊታውራሪ ሰሙ፣ ነጋዴው ሰማ፣ ሐሰን ሰማ፣ ለቀብር ያልወጣው ሁሉ ሰማ። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይኼ ነው። እጇን ማውረድ ብቻ ነበር የቀራት። ዳማም አንገቱን አዙሮ አያት፤ አገዳ ስታመጣለት እንደሚያያት።

ሁሪያ ግን አልጠገበችም። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዓመት ሙሉ «እሺ ጌታዬ» ያለች ሴት ናት። ሰውየው ተዋርዶ፣ መላጣው በፀሐይ እያብረቀረቀ ስታየው ጣፈጣት። ትንሽ ይቆይልኝ አለች።

«ስሙን ጥራ» አለችው። አንተ አለችው። «ከነአባቱ ጥራና ይቅርታ ጠይቀው።»

«አሕ... አሕመድ...» አባቱ ጠፋው። አብሮት ስድስት ዓመት የሠራ ሰው የአባቱ ስም ጠፋው! ዙሪያውን አየ፣ የሚነግረው አጣ። አንድ የባቡር ሠራተኛ «ዩሱፍ» አለው ከኋላ። «አሕመድ ዩሱፍ፣ ይቅር በለኝ» አለ ቢሰጥ፣ አለቀሰም።

ያን ጊዜ ሁሪያ ወጋች። ልክ ቦታውን ነው የወጋችው፤ እጇ አልሳተም። ነፋሱ እየጮኸ ወጣ፣ አረንጓዴ አረፋ ተከተለው፣ የበሰበሰ ሣር ሽታ በረቱን ሞላው። ዳማ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ። ሁለተኛውን አልደገመም።

ሁሪያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ራሱን ከጭኗ ላይ አደረገች። ነጭ ነጠብጣቡን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ማንም አልተጠጋትም።

ቢሰጥ ያንኑ ዕለት ተባረረ። ፊሽካው ከጭቃው ውስጥ ቀረች፤ ማን እንደረገጣት አይታወቅም። ሌላ እርሻ ሄዶ ከብት ገዥ ልሁን ብሎ ነበር አሉ፤ ግን ከዱብቲ እስከ ገላፊ አንድም አፋር አንዲት ጥጃ አልሸጠለትም። የሄደበት ሁሉ ወሬው ቀድሞት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በሚቀጥለው ዓርብ ከጣቢያው መስጊድ ስድሳ የሚያህል ሰው ወጥቶ በአሕመድ መቃብር ላይ ፋቲሃ ቀራ። ሁሪያ ዳር ቆማ አየቻቸው። ማንንም አላመሰገነችም። ፊታውራሪም በበሬው ሲበሳጩ ከረሙና፣ ሠላሳ ዘጠኙ በደህና ድሬዳዋ መግባታቸውን ሲሰሙ በረቱን ለእሷ ሰጧት።

ሐሰን መንገድ ሊወጣ ሲል አስቆመችው። «ሁሉን ንገር» አለችው። «ግን ያችን የመጨረሻዋን ብትተዋት። ስሙን ጥራ ያልኩትን።»

ሐሰን አያት። «አይቼዋለሁ፣ ሁሪያ» አለና በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሄደ።

በሚቀጥለው በጋ፣ የካቲት ላይ፣ ከሚሌ ማዶ የመጣ አንድ ሽማግሌ ሰባት የከሱ ወይፈኖች እየነዳ በረቱ ደጅ ደረሰ። ከዚህ በፊት አዋሽን አይቶ አያውቅም። ሁሪያን ከላይ እስከ ታች ተመለከታት።

«ቢላዋ ይዛ የቆመችው ሴት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰውየው ጥፋቱን ከተናገረ በኋላ በሬው በሕይወት ነበር ይባላል።»

«ነበር።»

«ይበቃሽ ነበር» አለ ሽማግሌው። ሊወቅሳት አይመስልም፤ ያልገባውን ነገር ሊያጣራ ነው።

ሁሪያ እንጨቱን ከበሩ ላይ አነሳችና ወይፈኖቹን አንድ በአንድ እያሳለፈች የእያንዳንዱን ግራ ሽንጥ በመዳፏ ዳሰሰች። የመጨረሻው ሲገባ ነው የመለሰችለት።

«ለአሕመድ ይበቃው ነበር» አለች። «ለእኔ ነው ያልበቃኝ። ይህንንም ሂድና ንገር።»